ጣዝማን ከመቆፈር በፊት አኗኗሯን ማወቅ

መግቢያ

በአገራችን ስለ ንብ ሀብት በተነሣ ቁጥር የሚነገረው ስለ ማር ንብ ነው። ስለ ቀፎ አሠራር፣ ስለ ጭስ አጠቃቀም፣ ስለ መንጋ አያያዝና ስለ ማር አቆራረጥ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ትምህርትም ተሰጥቷል። በመሬት ውስጥ ስለምትኖረውና ማሯ ከተራው ማር በብዙ እጥፍ ዋጋ ስለሚሸጠው ስለ ጣዝማ ግን ለገበሬው የምንነግረው እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ አብዛኛው ሰው ስለ ጣዝማ የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጎጆዋ እንዴት እንደሚገኝና እንዴት ተቆፍሮ እንደሚወጣ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አስተያየት ለማቅረብ ነው። ይኸውም የጣዝማን ጎጆ ቆፍሮ፣ ማሩን ወስዶ፣ የቀረውን በትኖ መሄድ እንደ ማር መቁረጥ ሊቆጠር አይገባውም የሚል ነው። ድርጊቱ አንድ ኩባያ ወተት ለማግኘት ላሚቱን ከማረድ አይለይም። ይህን የምንለው ለነፍሳት ከማዘን ብቻ ተነሥተን አይደለም፤ የጣዝማን አኗኗር፣ አስተዳደግና አረባብ ስናይ ከዚህ የተለየ መደምደሚያ ላይ ለመድረስ ስለማይቻል ነው። ስለሆነም አስቀድመን አኗኗሯን እንመልከት።

ጣዝማ ምን ዓይነት ንብ ናት?

ጣዝማ መንደፊያ ከሌላቸው ንቦች ወገን ናት። በዓለም ሞቃት አገሮች ከ500 የሚበልጡ የዚህ ወገን ዓይነቶች ይገኛሉ። የእኛዋ ጣዝማ ሳይንሳዊ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ለሳይንስ ዓለም ያስተዋወቃት ግሪቦዶ የተባለ ጣሊያናዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነው። በኦሮምኛ ዳሙ ትባላለች። በአካሏ ከማር ንብ ታንሳለች። መንደፊያዋ እጅግ የደከመ በመሆኑ ለመናደፍ አያገለግላትም። እንግዲህ ጎጆዋን የሚጠብቅላት መርዟ ሳይሆን በመሬት ውስጥ መሰወሯ ነው። ዶማ የያዘ ሰው ሲመጣባት ራሷን የምትከላከልበት አንዳችም መሣሪያ የላትም።

የጎጆዋ አሠራር

ጣዝማ ጎጆዋን የምትሠራው በአብዛኛው ምስጥ፣ ጉንዳን ወይም አይጥ ለቆት በሄደው ባዶ ስፍራ ውስጥ ነው። ስለዚህ የምትገኘው ለረጅም ጊዜ ባልታረሰና ባልተቆፈረ መሬት ላይ ነው፤ በግጦሽ መሬት፣ በድንበር፣ በደን ዳር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አካባቢና በመሳሰለው። የአንዳንዱ ጎጆ ጥልቀት አነስተኛ ሲሆን፣ ሌላው ከአንድ ሜትር በላይ ይጠልቃል።

ከላይ የሚታየው ምልክት አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ናት። በቀዳዳዋ አፍ ላይ ዘቦች ይቆማሉ። ከቀዳዳዋ እስከ ጎጆው የሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ በዛፍ ሙጫና በሰም የተለበጠ ነው። ጎጆው ራሱ ከሰምና ከሙጫ ድብልቅ በተሠራ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በተደራረበ ሽፋን ይጠቀለላል። በመካከሉ እንቁላልና እጭ የሚያድጉባቸው የሰም እንጀራዎች አንዱ ከሌላው በላይ በአግድም ተነጥፈው ይገኛሉ። ማሩና የአበባው ዱቄት የሚቀመጡት ግን በእነዚህ እንጀራዎች ውስጥ ሳይሆን፣ በዙሪያቸው በተሠሩ ትናንሽ ገንቦ መሰል ጽዋዎች ውስጥ ነው። የማሩ ጽዋ ለብቻ፣ የአበባው ዱቄት ጽዋም ለብቻ ነው። ይህን ልዩነት አንባቢው እንዲያስታውስ ያስፈልጋል፤ ኋላ ስለ ማሩ ጥራት ስንናገር እንመለስበታለን።

አስተዳደግና የኑሮ ዑደት

የማር ንብ እጯን በየጊዜው እየጎበኘች ትመግባለች፤ ሠራተኛዋ የማር ንብም በ21 ቀን ገደማ አድጋ ትወጣለች። የጣዝማ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ሠራተኞቹ አንዲትን ክፍል ከሠሩ በኋላ ከአበባ ዱቄት፣ ከማርና ከራሳቸው እጢ ከሚመነጭ ፈሳሽ የተዘጋጀ ቀጭን ምግብ ይሞሉባታል። ንግሥቲቱ መጥታ በምግቡ ላይ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ወዲያውኑ ክፍሏ ትደፈናለች። ከዚያ በኋላ የሚከፍታት የለም። እጯ የተሰጣትን ስንቅ ብቻ እየበላች ታድጋለች፤ ስንቋን ስትጨርስ ድር አድርታ ትሸፈናለች፤ ከእንቁላልነት ተነሥታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣም ከአንድ ወር በላይ ይፈጅባታል። ክፍሏም አንድ ጊዜ ብቻ ታገለግላለች፤ ሰሙ ፈርሶ ለሌላ ሥራ ይውላል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው እንቁላሉ የሚቀመጠው በፈሳሽ ምግብ ላይ መሆኑ ነው። እንጀራው በተገለበጠ ወይም በተናወጠ ጊዜ እንቁላሉና ገና ያልጠነከረችው እጭ በምግባቸው ውስጥ ሰጥመው ይሞታሉ።

ሁለተኛው ጉዳይ የንግሥቲቱ ሁኔታ ነው። ወጣቷ ንግሥት ለመገናኘት አንድ ጊዜ ወጥታ ትበራለች። እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ሆዷ እጅግ ስለሚያብጥ ዳግመኛ መብረር አትችልም። እስክትሞት ድረስ የጎጆዋ እስረኛ ናት ማለት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው የአዲስ ጎጆ አመሠራረት ነው። የማር ንብ መንጋ ስትወጣ አሮጊቷ ንግሥት ብዙ ተከታይ ይዛ ትሄዳለች፤ በአንድ ቀንም ከአሮጌው ቤት ጋር ያላት ግንኙነት ይቋረጣል። በጣዝማ ዘንድ ግን እናቲቱ መብረር ስለማትችል ትቀራለች፤ የምትወጣው ልጂቱ ናት። እሷም ከመውጣቷ በፊት ሠራተኞቹ አዲስ ቦታ ይፈልጋሉ፤ ከእናት ጎጆ ሰም፣ ሙጫና ማር እያመላለሱ አዲሱን ቤት ያሰናዳሉ። ልጂቱ ከገባች በኋላም ቢሆን ስንቅ ማመላለሱ ለተወሰነ ጊዜ ይቀጥላል። ነገሩ ልጁን ጎጆ የሚያወጣ ቤተሰብ እህልና ዕቃ እየሰጠ እስኪቋቋም እንደሚረዳው ያለ ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ የእናት ጎጆ ቢፈርስ የሚጠፋው አንድ ጎጆ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ገና ያልጠነከረው የልጅ ጎጆም አብሮ የመጥፋት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ይህን ይበልጥ ለመረዳት በአውሮፓና በሌሎች ቀዝቃዛ አገሮች ከምትገኘው ቦምበስ ከምትባል ትልቅ ጠጉራም የዱር ንብ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ቦምበስ ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች በተፈጥሮ አትገኝም። ከቦምበስ ዓይነቶች አንዳንዶቹ እንደ ጣዝማ አይጥ በተወው ጉድጓድ ውስጥ ይኖራሉ። ነገር ግን በቀዝቃዛዎቹ አገሮች ኅብረ ንቡ የሚቆየው አንድ ወቅት ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ብርዱ ሲያልፍ ብቻዋን ተነሥታ ጎጆ ትሠራለች፤ የመጀመሪያዎቹን ልጆችም ራሷ ታሳድጋለች። ብርዱ ተመልሶ ሲመጣ አሮጊቷ ንግሥት፣ ሠራተኞቹና ድንጉላዎቹ ሁሉ ይሞታሉ፤ የተገናኙት ወጣት ንግሥቶች ብቻ በየብቻቸው አፈር ውስጥ ተሸሽገው ይከርማሉ። እንግዲህ የቦምበስ ዘር የሚተርፈው በየቦታው በተበተኑ ብዙ ንግሥቶች ነው። የጣዝማ ዘር ግን የሚኖረው ከዓመት ዓመት በሚዘልቅ በአንድ ጎጆ ውስጥ ነው። ንግሥቲቱ ብቻዋን ወጥታ ጎጆ መመሥረት አትችልም። ጎጆው ከጠፋ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል።

የአቆፋፈራችን ጉዳት

አሁን የተለመደውን አቆፋፈር እንመልከት። ቆፋሪው ቀዳዳዋን ካገኘ በኋላ ቀጭን እንጨት እያስገባ መተላለፊያውን ተከትሎ በዶማ ይወርዳል። ጎጆው ላይ ሲደርስ ሽፋኑን ቀዶ ሁሉንም በአንድነት ያወጣል፤ ማሩን ከአበባው ዱቄት፣ ከእጩና ከአፈሩ ጋር ጨምቆ ይወስዳል። ጉድጓዱን እንደ ተከፈተ ትቶት ይሄዳል።

በዚህ ድርጊት የሚደርሱት ጉዳቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. ንግሥቲቱ መብረር ስለማትችል ትሞታለች። የማር ንብ ቀፎዋ ሲረበሽ ኮብልላ ሌላ ቦታ ዕድሏን ትሞክራለች። ለጣዝማ ግን ይህ ዕድል አልተሰጣትም።

2. እንጀራዎቹ ስለሚገለበጡ እንቁላሉና እጩ ያልቃል። የወደፊቱ ሠራተኛም ሆነ የወደፊቷ ንግሥት በአንድ ቀን ትጠፋለች።

3. ለቀሰም የወጡት ሠራተኞች ሲመለሱ ቤት የላቸውም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ጎጆ በተቆፈረ ማግሥት በአንድ የግጦሽ መሬት ላይ ሲያልፍ፣ ትናንሾቹ ንቦች እግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት እንደ ተሸከሙ ከጉድጓዱ በላይ ሲዞሩ ተመልክቷል። የሚገቡበት አልነበረም።

4. ቦታው ራሱ ይበላሻል። በተፈጥሮ የተዘጋጀው ባዶ ስፍራ ስለሚፈርስ ሌላ ጣዝማ ልትገባበት አትችልም። የተተወው ጉድጓድም ጎርፍ ይሰበስባል፤ የከብት እግር ይሰብራል።

5. ማሩም ቢሆን ጥራቱን ያጣል። የጣዝማ ማር በተፈጥሮው ቀጭን ነው። ለማር ንብ ማር በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈቀደው የውሃ መጠን በመደበኛ ሁኔታ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ሲሆን፣ የጣዝማ ማር ውሃ ከዚህ ይበልጣል። በዚህ ላይ የአበባ ዱቄት፣ የእጭ ፈሳሽና አፈር ሲጨመርበት ፈጥኖ ይቦካል። ንቦቹ ማሩንና ዱቄቱን ለየብቻ አስቀምጠውት ሳለ እኛ ደባልቀን እናበላሸዋለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ!

የሚነሡ ተቃውሞዎች

ይህን አስተያየት ስናቀርብ የሚሰጡን መልሶች አሉ። ሁሉም በቅን ልቡና የሚነገሩ ስለሆኑ አንድ በአንድ መመለስ ይገባል።

የመጀመሪያው "ጣዝማ ጌታ የላትም፤ እኔ ብተዋት ሌላው ይቆፍራታል" የሚለው ነው። ይህ አባባል እውነትነት አለው። ሆኖም በጫካ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ጎረቤትም ያከብርለታል። ይህ ክብር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰዎች ተነጋግረው ያጸኑት ነው። በመሬትህ ላይ ያለች ጣዝማ የአንተ ጥበቃ እንዳለባት ጎረቤቶችህ ካወቁ፣ እነሱም በመሬታቸው ያለችውን አንተ እንድታከብርላቸው ይፈልጋሉ። ጉዳዩ በቀበሌ ስብሰባና በዕድር ላይ ሊነሣ የሚችል ነው።

ሁለተኛው "ለቸገረው ወጣት የገቢ ምንጭ ነው" የሚለው ነው። ችግሩን አንክድም። ነገር ግን ከአንድ ጎጆ የሚገኘው ማር ጥቂት ነው፤ የሚገኘውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ቆፋሪው በየዓመቱ ከመንደሩ እየራቀ የሚሄደው በአቅራቢያው ያለውን ስለ ጨረሰ መሆኑን ራሱ ያውቃል። በአንጻሩ በሕይወት የተያዘች ጣዝማ ጥቂት ጥቂት እየሰጠች ለዓመታት ትቆያለች።

ሦስተኛው "ጣዝማ በሰው ቤት አትለምድም" የሚለው ነው። ይህ ትክክል አይደለም። በሜክሲኮ የዩካታን ማያዎች መንደፊያ የሌላት ሌላ ንብ ስፔናውያን ወደ አገራቸው ከመምጣታቸው በፊት ጀምረው በግንድ ቀፎ ሲያረቡ ኖረዋል። በአገራችንም በሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል የተደረጉትን ጨምሮ የተካሄዱ ሙከራዎች ጣዝማ በሸክላና በእንጨት ቀፎ ልትኖር እንደምትችል አሳይተዋል። እርግጥ ነው፣ የሚዘዋወረው ጎጆ ሁሉ አይተርፍም። ስለዚህም ማንም ሰው ተነሥቶ ያገኘውን ጎጆ ሁሉ ወደ ቤቱ ያግባ አንልም።

ጥቅሟ ከማሩ በላይ ነው

ብዙ ሰው ጣዝማን የሚያውቃት በማሯ መድኃኒትነት ነው። በሳልና በመሳሰለው ሕመም ጊዜ ማሯን መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ ማሯ አንዳንድ ተሐዋስያንን ለመግታት እንደሚችልም በቤተ ሙከራ ታይቷል። ይህ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድን የሚተካ አይደለም።

ገበሬው ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው ጣዝማ ከአበባ አበባ ስትዞር የምታደርገውን ሥራ ነው። ለምሳሌ የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት ፍሬ መያዝ ስለማይችል ከሌላ ተክል ዱቄት የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል። ቡና በራሱ ዱቄት ሊያፈራ ቢችልም ንቦች ሲጎበኙት የሚይዘው ፍሬ እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። ይህን ሥራ ለኑጋችንና ለቡናችን ያለ ደመወዝ ከሚሠሩት መካከል የዱር ንቦች ይገኙበታል።

በሌላው ዓለም ይህ አገልግሎት በገንዘብ ይገዛል። እ.ኤ.አ. ከ1987 ወዲህ ቦምበስ በፋብሪካ መልክ እየተራባች በመስታወት ቤት ለሚመረት ቲማቲም ትሸጣለች። ሆኖም ከአገሯ ውጭ ስትወሰድ ችግር አስከትላለች። ወደ ቺሊ የገባችው ቦምበስ ተስፋፍታ አርጀንቲና ድረስ በመድረሷ የአካባቢው ነባር ቦምበስ እየጠፋች ትገኛለች፤ ጃፓንም እ.ኤ.አ. በ2006 ጎጂ መጤ ብላ በሕግ ቁጥጥር ሥር አውላታለች። ነባሯን ንብ ቆፍሮ ጨርሶ ኋላ ከውጭ ለማስመጣት ማሰብ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆናል።

ምን ይደረግ?

የእኛ አስተያየት አጭር ነው። ጣዝማን ያገኘ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ወይ ባለችበት መተው፣ ወይ በሕይወት ይዞ ማርባት። ቆፍሮ በትኖ መሄድ የሚባል ሦስተኛ መንገድ ሊኖር አይገባም።

ጎጆው አደጋ ካልተቃጣበት ባለበት መተው ይመረጣል። በቀዳዳዋ ዙሪያ ድንጋይ በመደርደር ወይም እንጨት በመትከል ምልክት ማድረግ፣ ማረሻና ዶማ እንዳይደርስባት መከላከል ይበቃል። በአካባቢው ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አበባ በፈካበትና ንቦች በሥራ ላይ ባሉበት ሰዓት ከመርጨት መቆጠብ ይኖርበታል።

ቦታው ሊታረስ፣ ቤት ሊሠራበት ወይም መንገድ ሊወጣበት ከሆነ ግን ጎጆውን ማዛወር ተገቢ ነው። በዚህ ጊዜ የሚከተሉት መመሪያዎች ሊጠበቁ ይገባል።

ሀ/ ሥራው በዝናብ ወቅት ሳይሆን አበባ በሚገኝበት ጊዜ ይከናወን።

ለ/ ከላይ በቀጥታ ከመውረድ ይልቅ ከጎን በመቆፈር ወደ ጎጆው በጥንቃቄ መጠጋት ያስፈልጋል።

ሐ/ ሽፋኑን ሳይቀዱ፣ ጎጆውን ሳይገለብጡ፣ የላይኛው ክፍል ወደ ላይ እንደ ሆነ በሁለት እጅ ማንሣትና በተዘጋጀው የሸክላ ዕቃ ወይም የእንጨት ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ይገባል። ንግሥቲቱ አብራ መግባቷን ማረጋገጥ ከሁሉ በላይ አስፈላጊ ነው።

መ/ የተሰበሩት የማር ጽዋዎች ጉንዳን፣ ዝንብና ጥንዚዛ ስለሚስቡ ተለይተው ይውጡ። የዚያን ቀን የቆፋሪው ድርሻ ይህ ብቻ ነው። ያልተሰበሩት ለንቦቹ ይተዋሉ።

ሠ/ በቀፎው አፍ ላይ ከቀድሞው መግቢያ የተገኘ ሙጫ ቢለጠፍ ሠራተኞቹ ቤታቸውን በሽታው ያውቁታል። ቀፎው እስኪመሽ እዚያው ቆይቶ ሁሉም ከገቡ በኋላ ተዘግቶ ይወሰድ። በቅርብ ርቀት ከተወሰደ ሠራተኞቹ ወደ ቀድሞው ቦታ ስለሚመለሱ ራቅ ወዳለ ስፍራ መውሰድ ይመረጣል።

ረ/ ቀፎው ጥላ ባለበት፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። ጉንዳን እንዳይወጣበትም የመደርደሪያው እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ።

ሰ/ በመጀመሪያው ዓመት ማር ባይወሰድ ይመረጣል። ከዚያ በኋላም የማሩን ጽዋዎች ብቻ በንጹሕ ዕቃ እየበሱ ማንጠፍጠፍና በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል እንጂ ከዱቄቱና ከእጩ ጋር መጭመቅ አይገባም። ለንቦቹ የሚበቃ ስንቅም መተው አለበት።

ማጠቃለያ

በዚህ ጉዳይ ወቀሳው በገበሬውና በወጣቱ ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባም። እኛ በምርምርና በልማት ሥራ ላይ የተሠማራን ሰዎች ስለ ማር ንብ ስናስተምር ጣዝማን ረስተናታል፤ ያልተማረውን ሰው ደግሞ ለምን አጠፋህ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስለ ንብ እርባታ በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ ጣዝማን እንዲያካትቱ፣ ልምድ ያላቸውን ቆፋሪዎችም ከማራቅ ይልቅ በማዛወሩ ሥራ እንዲያሳትፉ እናሳስባለን። ጎጆ የት እንዳለ፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደሚገኝ፣ በየትኛው ወር ማር እንደሚሞላ ከቆፋሪው የበለጠ የሚያውቅ የለም። ይህ ዕውቀት እስከ ዛሬ ለማጥፋት ውሏል፤ ከእንግዲህ ለማርባት ሊውል ይችላል።

ጣዝማ አትናደፍም፤ አትሸሽም፤ ንግሥቷም አትበርም። ስለዚህ ዕጣ ፈንታዋ ሙሉ በሙሉ በባለ ዶማው እጅ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺን ትንሽ ቀዳዳ በግጦሽ መሬትህ ላይ ስታይ፣ ዶማህን ከማንሣትህ በፊት አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ። ይዤያት ልገባ ተዘጋጅቻለሁን? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ድንጋይ ደርድረህላት እለፍ።